ስለ ረግረጉ ለልጆቹ ማን ነገራቸው?

ከዚህ በታች ያለው ለሳይንስ መምህራንና ለወላጆች በተዘጋጀ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተገለበጠ ስለሆነ የአፍ ንግግር ድግግሞሹን አልነካሁትም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተመራማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር ይታየኛል፤ ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ። ንግግሬ ረዘም ስለሚል ቆማችሁ እንድትሰሙኝ አልፈልግም።

የማወራላችሁ ስለ ሩቅ አገር ልጆች ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ቦርንዮ በምትባለው ትልቅ ደሴት ላይ፣ ማዕከላዊ ካሊማንታን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ዋና ከተማው ፓላንግካ ራያ ይባላል። ከከተማው ወጣ ሲባል፣ ስባንጋው የሚባለው ወንዝ ዳር፣ ኬሬንግ ባንግኪራይ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለች። ብዙዎቹ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው ይቆማሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ወርውረው ወንዙ ውስጥ ይዘላሉ። ውኃው ጥቁር ነው። ቆሽሾ አይደለም፤ ከረግረጉ የሚወርደው የቅጠልና የሥር አሲድ ነው ያጠቆረው።

ከወንዙ ማዶ ደኑ ይጀምራል። ያ ደን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከእንግሊዝ፣ ከጃፓን፣ ከራሷ ከኢንዶኔዥያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት የኖረ ነው። ዛፉ ተቆጥሯል። ኦራንጉታን የሚባለው ትልቁ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ተቆጥሯል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍታ ይለካል። ከአፈሩ የሚወጣውና ደኑ የሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ በቆመ ማማ ላይ በተሰቀለ መሣሪያ ይመዘገባል። ጥያቄዬ ታዲያ ይኼ ነው፦ ማዶ ላይ ይህ ሁሉ ሲለካ፣ እዚህ ዳር ለሚዋኙት ልጆች ማን ነገራቸው? ምን እየተለካ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚለካ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ ማን ነገራቸው?

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ስለ መሬቱ፣ ሁለተኛ ስለ ጭሱ፣ ሦስተኛ ስለ ሳይንሱ ዕዳ። የመጣሁት ለሦስተኛው ነው፤ ግን ሁለቱን ሳልናገር እሱ አይገባም።

አንደኛ፣ መሬቱ።

ዛፍ ሲሞት ወድቆ ይበሰብሳል፤ ይህን ሁላችሁም ታስተምራላችሁ። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የተኛበት ከሆነ ግን ኦክስጅን አይገባም። ኦክስጅን ከሌለ፣ አሲዱም ከበዛ፣ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ሥራቸውን አይጨርሱም። ስለዚህ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ግንዱ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ይቀመጣል። ይህን የተደራረበ ነገር ሳይንሱ ፒት ይለዋል፤ የአገሩ ሰው ጋምቡት ይለዋል። ዛፎቹ ሥራቸውን የሰደዱት እዚያው በቀደሙት ዛፎች ቅሪት ውስጥ ነው። ስባንጋው አካባቢ ጥልቀቱ በየቦታው ከ10 ሜትር ያልፋል።

የሒሳብ መምህራን እስቲ እጃችሁን አንሡ። ጎበዝ፣ ብዙ ናችሁ። ተመራማሪዎች ከዚህ ደን መሐል 9.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ናሙና ቆፍረው አውጥተው ዕድሜውን ሲመረምሩ፣ የታችኛው ንብርብር 26,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2004 ታትሟል። አካፍሉት። በአማካይ በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ የኬሬንግ ባንግኪራይ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛን እስኪጨርስ፣ ከማዶ ያለው መሬት በአማካይ ስሌት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ጨመረ ማለት ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር! አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን ስሙ። ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ከፈሰሰ ኦክስጅን ይገባል፤ ያ ሁሉ የተከማቸ ነገር መበስበስና መጨማደድ ይጀምራል። ሱማትራ ደሴት ላይ፣ ተጠንፍፈው እርሻ በሆኑ የፒት መሬቶች ላይ በተደረገ ልኬት፣ መሬቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረዱን አላቆመም። ይህን ለተማሪዎቻችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው። ምዕተ ዓመት የፈጀውን ከፍታ አንድ የትምህርት ዘመን ይወስደዋል።

ዓለም ለዚህ መሬት ለምን ተጨነቀ? የፒት መሬት ከዓለም የብስ ውስጥ የሚሸፍነው 3 በመቶ ገደማ ነው። ያቀፈው ካርቦን ግን በዓለም ደኖች ሁሉ ዛፍና ቅጠል ውስጥ ካለው ይበልጣል። ይህ ካርቦን በውኃ ተጠምቆ እስካለ ድረስ እዚያው ይቀመጣል፤ ውኃው ሲሄድ ወደ አየር ይወጣል።

ውኃው ደግሞ እንዲሄድ ተደረገ። በታኅሣሥ 1995 በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ውሳኔ አንድ ሚሊዮን ሄክታር መሬት፣ አብዛኛው ረግረግ፣ ወደ ሩዝ እርሻ እንዲለወጥ ታወጀ። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። ከጃቫና ከሌሎች ደሴቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጥተው እንዲሰፍሩ ተደረገ። የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳያክ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሩዛቸውን የሚዘሩት በወንዝ ዳር ነበር፤ ጥልቅ ጋምቡት ሩዝ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። ማን ጠየቃቸው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንላለን። ሩዙ አልበቀለም። ቦዮቹ ግን ረግረጉን አደረቁት። በ1997 ኤልኒኞ የሚባለው፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚከሰተው የአየር መዛባት መጣ፤ ዝናቡ ቀረ፤ እሳቱ ተነሣ።

የፒት እሳት ምን ዓይነት እሳት ነው? እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያዳፍኑታል፤ ከላይ ስታዩት የጠፋ ይመስላችኋል፤ ጠዋት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ይነሣል። የፒት እሳት እንደዚያ ነው። ከመሬት በታች ተዳፍኖ ሳምንታት፣ ወራት ይቆያል፤ እየተሳበ ሄዶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ውኃ ከላይ ቢደፉበት አይሞትም። ደግሞ ነበልባሉ ትንሽ ስለሆነ ጭሱ ብዙ ነው፤ ዝቅ ብሎ በመንደሩ ላይ ይተኛል።

በ2002 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በ1997 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከተቃጠለው ፒትና ደን የወጣው ካርቦን፣ መላው ዓለም በዓመት ነዳጅና ድንጋይ ከሰል አቃጥሎ ከሚያወጣው ከ13 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ነው ሲል ገመተ። ከዚያ በኋላ ነው የዓለም ሳይንስ ዓይኑን ወደዚህ ረግረግ ያዞረው።

ሁለተኛ፣ ጭሱ።

በ2015 እኛ አገር የሆነውን የሚረሳ አለ? ዝናቡ ቀርቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ ርዳታ ጠባቂ የሆነበት ዓመት ነው። ያን ድርቅ ያመጣው ኤልኒኞ፣ ያው ራሱ ኤልኒኞ፣ በዚያው ዓመት ካሊማንታንን አደረቀ። እኛ ሰማይ ሰማይ ስናይ እነሱ ሰማዩን ማየት አቃታቸው።

እኔ ያኔ ለትምህርት ኢንዶኔዥያ ነበርኩ። አፈር ነው የተማርኩት። በመስከረም ወደ ፓላንግካ ራያ ሄጄ አንድ ቤተሰብ ዘንድ አረፍኩ። ቀትር ላይ ውጭው ቢጫ ነበር፤ መንገድ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። የቤቱ እመቤት አንሶላ በውኃ ነክረው በየበሩ ይሰቅላሉ፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይነክራሉ። አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ነበረቻቸው። ትምህርት ቤቷ ተዘግቷል። ቤት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሰዓት መብራት አብርታ የማባዛት ሠንጠረዥ ትጽፋለች፤ ታስላለች፤ ትጽፋለች። አንድ ቀን ‹‹ፈተናው ይቀር ይሆን?›› ብላ ጠየቀችኝ። የሚያስጨንቃት ሳንባዋ አልነበረም፤ ፈተናው ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ እንዳይቀርባት ፈርታለች። ይህን ስናገር ዛሬም ያመኛል።

በዚያ ወቅት የአየር ብክለት መለኪያው ስንት ደረሰ? 300 ሲያልፍ አደገኛ የሚባለው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ፓላንግካ ራያ ከ2,000 አለፈ። መምህራን፣ ትምህርት ቤቶቹ ለሳምንታት ተዘጉ። በዚያ ዓመት በመላ ኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ የዓለም ባንክ የአገሪቱን ኪሳራ 16 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተው። በ2019 እሳቱ ተመለሰ፤ ትምህርት ቤቶቹም እንደገና ተዘጉ።

ዶላሩን ተዉት። ስለ ልጆቹ የተጠና ነገር አለ። ሲማ ጃያቻንድራን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ የሕዝብ ቆጠራ መረጃ ይዘው የ1997ቱን ጭስ ተከታተሉ፤ ጭሱ ባይኖር ኖሮ በሕይወት ይገኙ የነበሩ፣ በማኅፀን ሳሉ ወይም ተወልደው ብዙ ሳይቆዩ የቀሩ ከ15,000 በላይ ሕፃናት እንደሆኑ ገመቱ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ1997 ጭሱ የተነሣ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩትን ልጆች እስከ 17 ዓመታቸው ተከትሎ፣ ጭስ ያገኛቸው ካላገኛቸው ይልቅ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አጥረው አገኛቸው። ገና ያልተወለደ ልጅ! ቦዩ ሲቆፈር ያልነበረ፣ ክብሪቱን ያልጫረ፣ ስለ ሩዙ ፕሮጀክት ሰምቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሂሳቡን በቁመቱ ከፈለ።

እዚህ ላይ ልታገሥና አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመምህር ትልቅ ነገር ስለሆነ። እሳቱን ያስነሣው ማን ነው ስትሉ መልሱ አንድ አይደለም። ዘይት የሚሰጠውን ፓልም የሚተክሉ ትልልቅ እርሻዎች አሉበት፤ መሬት ለመያዝ የሚያቃጥል አለበት፤ ትንንሽ ገበሬም አለበት። ከ2015 በኋላ መንግሥት ማቃጠልን አጥብቆ ከለከለ። ክልከላው ደግሞ ማሳውን በእሳት አጽድቶ ሩዝ የሚዘራውን የዳያክ ገበሬ መታው፤ የታሰሩም አሉ። እስቲ የዚያን ገበሬ ልጅ አስቡት። ትምህርት ቤት ‹‹እሳት አታንሡ›› የሚል ሥዕል ይሥላል። ቤቱ ሲገባ አያቱ በእሳት አጽድተው ሲዘሩበት የኖሩት ማሳ ጾሙን አድሯል፤ ሩዙ ከሱቅ በብር ይገዛል። አያቱ ደግሞ እሳቱን ያለ ሥርዓት አልጫሩትም፤ ነፋሱን አይተው፣ ዳር ዳሩን ጠርገው፣ ጎረቤት ጠርተው ነበር። ታዲያ ልጁ ማንን ይመን? መምህሩን ወይስ አያቱን? እኔ እንደማምነው፣ ‹‹እሳት መጥፎ ነው›› ብቻ ብሎ የሚወጣ አስተማሪ ልጁን ከአያቱ አጣልቶት ነው የሚሄደው። ጥልቅ ጋምቡት ላይ ያለ እሳትና ወንዝ ዳር ያለ የማሳ እሳት አንድ እንዳልሆነ፣ ደን የከበበው ማሳና ቦይ ያደረቀው ሜዳ አንድ እንዳልሆነ፣ የውኃው ልክ ሲወርድ ትናንት የማያሰጋው እሳት ዛሬ እንደሚያሰጋ ካስረዳው ግን ልጁ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል።

ይህን ለማስረዳት መምህሩ ራሱ ማወቅ አለበት። ከየት ያውቃል? ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ገባሁ።

ሦስተኛ፣ የሳይንሱ ዕዳ።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ እማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት አንድ ነጭ መኪና መጣ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከክፍል አስወጥተው አሰለፉን። ክንዳችንን በሜትር ለኩ፤ ግድግዳ አስደግፈው ቁመታችንን ለኩ፤ ሚዛን ላይ አወጡን፤ ጻፉ። ደስ ብሎን ነበር፤ አንዳንዶቻችን ጫማ ሊሰጡን መስሎን ነበር። ማታ አባቴ ‹‹ምን ብለው ነው የለኩህ?›› ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። መምህራችንም አያውቁም። ለኩን፣ ሄዱ። ያ ወረቀት የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። የተሰለፍነው ልጆች አጭር ነን ወይስ ረጅም፣ ከስተናል ወይስ ደህና ነን፣ የነገረን የለም።

ኬሬንግ ባንግኪራይ ወደብ ላይ፣ ጀልባ ስጠብቅ፣ አሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ አጠገቤ ቁጭ አለ። ከማዶ የሚመጡትን ሰዎች በዓይኑ ይከተላል፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ በትልልቅ ከረጢት አፈር ይዘዋል። ‹‹እዚያ ማዶ ምን ጠፍቷቸው ነው ሁልጊዜ የሚመላለሱት?›› አለኝ። ቀጠለና ‹‹አፈሩንስ ወስደው ምን ያደርጉበታል?›› አለ። ቋንቋቸው እንደ ነገሩ ስለሚገባኝ በቻልኩት መጠን አስረዳሁት። የሚገርመው፣ ነገሩ ለልጁ ከባድ አልነበረም። ‹‹አጎቴ በጥልቀት ሲቆፍር ዛፍ አግኝቷል›› አለኝ። አጎቱ ከመሬት በታች ያልበሰበሰ ግንድ አይቷል! ሳይንቲስቱ በመሰርሰሪያ የሚያገኘውን አጎቱ በአካፋ አግኝቶታል። ልጁ ግማሹን ያውቀዋል፤ የቀረውን ግማሽ የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ የተደረገውን መልካም ነገር ልንገራችሁ። ከወንዙ ማዶ ደኑ ውስጥ ባለው የምርምር ጣቢያ ከሚሠሩት የመስክ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በፊት እንጨት ቆራጮች ነበሩ። እነዚህ አባቶች የዛፉን የአገር ስም፣ የላቲኑን ስም፣ ኦራንጉታን ፍሬውን በየትኛው ወር እንደሚበላው ያውቃሉ። ቦርንዮ ኔቸር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ደግሞ አናክ ስባንጋው፣ የስባንጋው ልጆች፣ የሚል ፕሮግራም አለው፤ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ስለ ደናቸው ያስተምራል። ልጆቹ ደኑ ውስጥ ገብተው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ይሆናል። ስባንጋው ከ2004 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከአምስት መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ይሰፋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኦራንጉታኖች ይኖሩበታል። የዓለም ቱሪስት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበትን እንስሳ የማዶው ልጅ በቴሌቪዥን ብቻ ቢያየው ልክ ነው ትላላችሁ?

ሌላም አለ። ከ1997ቱ እሳት በኋላ የፓላንግካ ራያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት፣ እሳቸውም የዳያክ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ሱዊዶ ሊሚን የመንደር ሰዎችን አደራጅተው የእሳት መከላከያ ቡድን አቋቋሙ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው። ረግረጉ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ እሳቱ ባለበት ቦታ ከሥር ውኃ ተስቦ ፒቱ እስኪረጥብ ይረጫል። የእንጨት ቆራጮቹ ትንንሽ ቦዮችም እየተገደቡ ውኃው እንዲመለስ ተደረገ። ግድቡ ሲሠራ ግን አንዳንድ አስጋሪዎች ተቆጡ፤ ያ ቦይ የጀልባ መንገዳቸው ነበርና። ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያ ዓሣ ነው። ቁጭ ብሎ መነጋገር የተቻለበት ቦታ ላይ ጀልባ የሚያልፍበት ግድብ ተሠራ። ቁጭ ብሎ መነጋገር ደግሞ ሰው የሚያወራበትን ነገር ሲያውቅ ነው የሚቻለው።

አሁን ወደ አንድ መምህር ልውሰዳችሁ። የዚያ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ተመራማሪዎቹ የከርሰ ምድር ውኃ የሚለኩበትን መሣሪያ አዩ። መሣሪያው ምንድን ነው? ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው! መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ውኃው በቀዳዳዎቹ ገብቶ ልኩን ይይዛል፤ በሜትር ይለካል። በቃ። መምህሩ ከሱቅ ቧንቧ ገዝተው፣ በጋለ ምስማር በስተው፣ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ቀበሩት። ልጆቹ ተራ ገብተው በየሳምንቱ ይለኩና ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነጥብ ያደርጋሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀይ መስመር ተሠምሯል። ለምን 40? የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2014 ባወጣው ደንብ፣ ለእርሻ በተመደበ የፒት መሬት ላይ ውኃው ከመሬቱ ገጽ ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ መሬቱ ተጎድቷል ይባላል። የመንግሥት ደንብ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርምር፣ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ! ልጆቹ የበጋው ወራት ሲገፋ ነጥቡ ወደ ቀዩ መስመር ሲወርድ ያያሉ። ቤታቸው ሄደው ለአባታቸው የሚናገሩት ‹‹መምህራችን እንዲህ አለ›› ብለው አይደለም፤ ‹‹ለካሁት›› ብለው ነው። ‹‹ለካሁት›› የሚል ልጅና ‹‹ለኩኝ›› የሚል ልጅ አንድ ናቸው? እኔ ‹‹ለኩኝ›› ባይ ነበርኩ። ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ስለ ሩቅ እስያ ለምን ትነግረናለህ የሚል ካለ፣ ወደ አህጉራችን ልምጣ። በዓለም ላይ እስካሁን ከሚታወቁት የሐሩር አካባቢ የፒት ረግረጎች ትልቁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ኮንጎ ተፋሰስ መሐል፣ በሁለቱ ኮንጎዎች መካከል። በካርታ ተሠርቶ የታተመው በ2017 ነው። ግሬታ ዳርጊና ሳይመን ሉዊስ ከእንግሊዝ፣ ሰስፔንስ ኢፎ ከብራዛቪል፣ ሌሎችም ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ስፋቱ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ያቀፈው ካርቦን 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሆኖ ተገመተ። ሳይንቲስቶቹ ጭቃውን እየረገጡ የገቡት የመንደር ሰዎች መንገድ እየመሯቸው ነው። የካሊማንታን ዓይነት ትልልቅ ቦይ ያልተቆፈረበት፣ በአብዛኛው እስካሁን በውኃ የተጠበቀ ረግረግ ነው። ግን በ2022 የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መንግሥት ለነዳጅ ፍለጋ ካወጣቸው የጨረታ ቦታዎች አንዳንዶቹ ከዚህ ረግረግ ጋር ይደራረቡ ነበር። የዚያ መንደር ልጆች ምን ያውቃሉ? መንገድ የመሩት አባቶቻቸው ናቸው። ስለ 30 ቢሊዮን ቶኑ ልጆቹ ከፓሪስ ወይም ከለንደን በሬዲዮ ይስሙት? ካሊማንታን ላይ ትምህርቱ የመጣው ከእሳቱ በኋላ ነው። ኮንጎ ላይ ከእሳቱ በፊት ሊመጣ ይችላል። ይህ ዕድል እስያ ላይ አልተገኘም፤ አፍሪካ ላይ አለ፤ እባካችሁ ይህን አስቡት።

አሁን ልለምናችሁ ነው።

ተመራማሪዎች ሆይ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ። ጣና ዳር ትሠራላችሁ፣ ባሌ ትሠራላችሁ፣ ኢሉባቦር ረግረግ ትገባላችሁ። ቀጣዩን ዕቅዳችሁን ስትጽፉ ከበጀቱ ላይ ለአካባቢው ትምህርት ቤት አንድ መስመር ጻፉ። ብዙ አይደለም። መስክ ስትገቡ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ውጤቱ ሲወጣ አንድ ክፍለ ጊዜ። በልጆቹ ቋንቋ፤ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። መሣሪያውን ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት። የታተመው ጽሑፍ ክፍያ ካልከፈሉ የማይከፈት ከሆነ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ።

መምህራን፣ እናንተ ደግሞ አትጠብቁ። ነጭ መኪና ግቢያችሁ ሲገባ ደብዳቤውን ብቻ አይታችሁ ልጆቹን አታሰልፉ። ጠይቁ። ምን ልትለኩ ነው? ለምን? ውጤቱን መቼ ትመልሱልናላችሁ? ስልክ ቁጥራችሁን ተዉልን በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ የልጆቹ አደራ ስላለባችሁ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ ‹‹ዛሬ ለኩን›› ካለ አባቴ እንደጠየቀኝ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀው በማግሥቱ አብራችሁት ትምህርት ቤት ሂዱ።

የቧንቧውን አሠራር የምትፈልጉ መምህራን አላችሁ፤ ከመድረኩ ጎን አንድ ይዤ መጥቻለሁ፤ ኑና እዩት፣ ፎቶ አንሡት። የከርሰ ምድሩ ውኃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በሆነበት ግቢ ይሠራል። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ጥያቄው እንለፍ፤ ማይኩ እኅታችን ጋ ነው።